ከመጫን መመዝገብ ይሻላል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰንብታችኋል? ጋዜጣችሁ እኔ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። የደሴ መስመር ሾፌሮች ዳቦ ሊገዙ ሲወርዱ አንብበው የጨረሱትን ይተዉልኛል። ባለፈው ሰሞን በአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ የሆቴል ባለቤት የጻፉትን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። የሚሉት በአጭሩ ይኼ ነው። በረንዳ ላይ የሚያድሩ ሰዎች የትንንሽ ከተሞችን ገጽታ እያበላሹ ነው፣ እንግዳ እያሸሹ ነው፣ ስለዚህ አስተዳደሩ ሰብስቦ ወደ መጡበት ይመልስልን።

ለመጻፍ የተነሳሁት እሳቸውን ለመውቀስ አይደለም። የተናገሩት ችግር አለ። በረንዳ ጠዋት ጠዋት ማጠብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የራሴን የማጥበው እኔው ነኝ። ሽንት ቤት የሌለው ሰው የት እንደሚጸዳዳ ሁላችንም እናውቃለን። ማታ ጠጥተው የሚደባደቡም አሉ። የማልስማማው መፍትሔው ላይ ነው። እሳቸው የሚጠይቁትን የእኛ ከተማ ሞክራዋለች። ምን እንደተገኘ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ዳቦ ቤቴ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ከተማችን በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በደሴ መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች አንዷ ናት። ስሟን ያልጻፍኩት የማወራላቸው ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ነው። ስሟን ብጠራ ማን ማን እንደሆኑ ወዲያው የሚለይ ሰው ሞልቷል። እነሱ ደግሞ ጋዜጣ ላይ አውጪን አላሉኝም።

ጋጋሪዬ እሳት የሚያነደው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ምድጃው የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ ስለተሠራ ግድግዳው በውጭ በኩልም ይሞቃል። ልጆቹ የሚተኙት እዚያ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ይደረደራሉ። ከሥር ማዳበሪያ፣ ከላይ ካርቶን። ትንሹ ሁልጊዜ መሀል ነው። ጫፍ ላይ የተኛው ሲበርደው ቀጣዩን ቀስቅሶ ቦታ ይቀያየራሉ። ይህን ደንብ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። በዚህ ተራ ሲጣሉ ሰምቼ አላውቅም። በዳቦ ይጣላሉ፣ በጫማ ይጣላሉ፣ በግድግዳው ግን አይጣሉም።

የሆቴል ቤቱ ባለቤት ወደ መጡበት ይመለሱ ሲሉ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። የት ነው የመጡበት? እኔ ጠይቄያቸዋለሁ። ዳቦ ስሰጥ እጠይቃለሁ፤ ልማዴ ነው።

ከግድግዳው ልጆች ሦስቱ ከደቡብ የተነሱ ናቸው። በባቲና በሎጊያ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ ሊሻገሩ ነበር። ደላላው ገንዘባቸውን ተቀብሎ፣ ለምሳ ውረዱ ብሎ እኛ ከተማ አውርዷቸው ሄደ። ለጉዞው ቤተሰብ በሬ ሸጧል። ባዶ እጅ መመለስ አልቻሉም። አንዷ ልጅ አዲስ አበባ የሰው ቤት ስትሠራ አረገዘችና ከሥራ ተባረረች። የትውልድ ቀበሌዋ ከእኛ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ልጇን ታቅፋ እስከዚህ መጣች፤ አባቷ ፊት መቆም ግን አቃታትና እዚሁ ቀረች። አንድ ወጣት ደግሞ አእምሮውን ያመዋል። ወንድሙ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል አምጥቶት ብዙ ከቆዩ በኋላ ስንቃቸው አለቀ። መሳፈሪያ ይዤ እመለሳለሁ ብሎ እኛ ጋ ትቶት ሄደ። በሰው ላይ ክፉ አላስብም፤ ምናልባት ያ ወንድምም የሆነ ቦታ መንገድ ቀርቶ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም አጣዬ ስትቃጠል ቤቷንም ሱቋንም ያጣች ሴት አለች። መጀመሪያ ተከራይታ ቡና ታፈላ ነበር። ኪራዩ ጨመረ፣ ቡናውም ጨመረ፣ ከዚያ ጀበናው ተሸጠ።

አንድ አዛውንት ግን ከየትም አልመጡም። እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያደጉ ናቸው። ጉልበት በነበራቸው ዘመን የእኔን ዳቦ ቤት ዱቄት ተሸክመው የሚያስገቡት እሳቸው ነበሩ። ጆንያውን ሲያወርዱ ወለሉ ላይ አይጥሉትም፤ እንደ ሕፃን ነበር የሚያስቀምጡት። ከእህታቸው ጋር በቀበሌ ቤት ይኖሩ ነበር። የኪራይ ውሉ በእህታቸው ስም ነበር። እህትየዋ ሲሞቱ ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሰውየው በስተርጅና በረንዳ ወጡ። እሳቸውንስ ወዴት እንመልሳቸው?

አሁን ወደ ተሞከረው ነገር ልምጣ።

አንድ ዓመት ጥምቀት ሲቃረብ ከተማውን እናጽዳ ተባለ። ታቦት የሚያልፍበት መንገድ ተጠረገ፣ ዛፍ በኖራ ተቀባ፣ ሌሊት ላይ ደግሞ አይሱዙ መጣ። በረንዳ ላይ የተገኘ ሁሉ ተጫነ። ማንን እንደጫኑ የጻፈ የለም። ቆላው ወርደው አንዲት ከተማ መግቢያ ላይ አራገፏቸው። የከተራ ዕለት የመጀመሪያዎቹ በእግራቸው ተመልሰው ነበር። በተመለሱት ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ተጨመረ። ሌሎች ከተሞችም ለበዓሉ እንደዚሁ አጽድተው ኖሮ የእነሱን መኪና ወደ እኛ ልከውታል። ሁሉም ከተማ የራሱን ለጎረቤቱ ሲያራግፍ ሰው አይቀንስም። ለነዳጅና ለኪራይ የወጣው ብር ብቻ ነው የሚቀንሰው።

ጎዳና ላይ ከነበሩት አንዱ በዚያ አይሱዙ ከሄደ በኋላ አልተመለሰም። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ተጀምሮለት ነበር፤ በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ። ጤና ጣቢያችን የምትሠራ ነርስ ቀኑን መዝግባ ራሷ መናኸሪያ ድረስ እየመጣች ትፈልገው ነበር። ከእነ ሕመሙ የት እንዳለ እስከ ዛሬ አናውቅም። የዚያ መርፌ ቀን በደረሰ ቁጥር ታነሳዋለች።

አንዳንዱ ሕግ አለ ይላል። አዎ፣ የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 አለ። ልጄ ሕግ ስለሚማር አንብቦ አስረድቶኛል። አዋጁ የሚመለከተው ሥራ የመሥራት አቅም ያለውን ሰው ነው፤ የተዘረዘሩ ድርጊቶችም አሉት። አራስን፣ አዛውንትን፣ በሽተኛን የሚመለከት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ላይ ደግሞ ኢትዮጵያዊ በአገሩ ውስጥ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታ የመመሥረት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን ይረዳል ይላል። ሌሊት አይሱዙ ላይ ጫን የሚል ግን የትም አልተጻፈም።

ሁለተኛው ሙከራ የክረምት በጎ ፈቃድ ነበር። ወጣቶቹ ቅን ናቸው፤ አመሰግናቸዋለሁ። ጎዳና ላይ ያሉትን አጠቡ፣ ፀጉር ቆረጡ፣ አዲስ ልብስ አለበሱ፣ ምሳ አበሉ፣ ፎቶ ተነሱ። በሳምንቱ ልብሱ አልነበረም። የተሸጠ አለ፣ የተሰረቀ አለ፣ ዝናብ ያበላሸው አለ። ልብስ እኮ ማስቀመጫ ይፈልጋል። ቁም ሣጥን ቀርቶ ሚስማር የሚመታበት ግድግዳ የሌለው ሰው አዲስ ልብሱን የት ያኑረው?

ስለ ምግብ ብዙ አልጽፍም። ከተማችን በዚህ አትታማም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በዝክር ቀን፣ መስጊዱ በር ላይ ዓርብ ዓርብ፣ ምግብ ቤቶቹም የተረፋቸውን ይሰጣሉ። የጎደለው ማደሪያ ነው። እሱን ማን ይስጥ የሚለው ጥያቄ ብዙ ዘመን ባለቤት አጥቶ ቆየ።

ያ ዱቄት ተሸካሚ አዛውንት ጥር ላይ አረፉ። ጠዋት በረንዳ ላይ ነው የተገኙት። ገበያው ሁሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ያውቃል። የአባታቸውን ቤት የሚያሳይ ሽማግሌ አለ። ነገር ግን መታወቂያ አልነበራቸውም። ቀብራቸውን ማዘጋጃ ቤት ሲፈጽም በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስሙ ያልታወቀ፣ አድራሻ የሌለው የሚል ነው። ጸሐፊውን ጠየቅሁት። ማስረጃ የለማ፣ ምን ልጻፍ አለኝ። ልጁ ክፋት የለውም። አዛውንቱ ሲሸከሙ አይቶ ያደገ ልጅ ነው። ስማቸውን ከእኔ እኩል ያውቀዋል፤ ቅጹ ግን አልፈቀደለትም።

እኔ የአንድ እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት የሰፈር እድር ነው። ሰውየው አባል ስላልነበሩ በደንቡ መሠረት ጡሩንባ አልተነፋላቸውም። ቢሆንም ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው ተገኘ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና፣ አዳራሹ ባዶውን አይደል እንዴ የሚያድረው? አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም፤ ተቀመጡ።

ከዚያ የተነሳው ክርክር ቀላል አልነበረም። አንዱ፣ ድንኳኑ ብቻ ስንት ብር እንደሆነ ታውቃላችሁ ወይ አለ። አንዱ ስለ ተባይ፣ አንዱ ስለ ሳንባ በሽታ አነሳ። ወሬው ከተሰማ ከሸዋ ሮቢትም ከደብረ ብርሃንም ይጎርፉብናል ያለም ነበር። እነዚህ የክፉ ሰው ጥያቄዎች አይደሉም። ለእድሩ እቃ በየወሩ የሚያዋጣ ሰው መጠየቁ ተገቢ ነው። ሰብሳቢያችን ሁሉንም አስጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ፣ ታዲያ ምን ብናደርግ ይሻላል? እያሉ አወያዩን። በአንድ ስብሰባ አላለቀም። በመጨረሻ ከኅዳር እስከ ጥር መጨረሻ፣ ከዚያም ሐምሌና ነሐሴን አዳራሹ ማታ ማታ እንዲከፈት ተወሰነ።

ዝርዝሩን የምጽፈው ሌላ እድር ቢፈልገው ብዬ ነው። በሩ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይከፈታል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ሁሉም ይወጣል። ሴቶቹና ሕፃናቱ እቃ ቤቱ ውስጥ ያድራሉ፤ ቁልፉ በውስጥ በኩል ነው፣ ከእነሱ እጅ። ብረት ድስቱና ሰሃኑ ወጥቶ አዳራሹ ጥግ ላይ በሰንሰለት ታሰረ። ብርድ ልብስ አዋጥተን ገዛን፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ነው፣ ለእኛ ቅርብ ነው፣ ውርጩንም ይችለዋል። መስጊዱ ምንጣፍ ሰጠ። ለጥበቃው 3,000 ብር በወር እንከፍላለን፤ ለዚህ ሲባል ወርሃዊ መዋጮው ከ50 ብር ወደ 60 ብር ከፍ ብሏል። በዚህ 10 ብር የቀረ አባል የለም። ቅር ብሎት የሚከፍል ግን አለ፤ ካርኒውን ሲቀበል ፊቱ ላይ አየዋለሁ።

ያልተሳካው ብዙ ነው። ማስቲሽ የለመደ ልጅ በሩ ላይ አስረክብ ሲባል ተመልሶ ይሄዳል። አንድ ልጅ በር ሲዘጋበት ስለሚጨንቀው ጭራሽ አልገባም አለ፤ አሁንም ከግድግዳዬ ጀርባ ነው ያለው። ብርድ ልብሱን እዚያው ወስደን ሰጠነው። ሰሃኖች ጠፍተዋል። ማን እንደወሰዳቸው አልታወቀም። ሌሊት ከአዳራሹ ጩኸት ሰምቶ የተማረረ ጎረቤት አለ፤ እውነቱን ነው።

የተሳካውም አለ። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክሉት አሁን እነዚሁ ልጆች ናቸው። ድሮ ጎልማሶቹ ሥራ ላይ ስለሚሆኑ ድንኳን ተካይ እያጣን እንቸገር ነበር። አሁን ጡሩንባው እንደተነፋ ምሰሶ ተሸክመው ቀድመው ይደርሳሉ። ለቀስተኛው ያያቸዋል። ስማቸውን ይጠይቃል። ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ነገ ጠዋት መጥተህ እንጨት ፍለጥልኝ የሚል ሰው ተገኝቷል።

የዚህ ደብዳቤ ዋና ጉዳይ ግን አልጋ አይደለም። ማደሪያውን ከሰጠን በኋላ ያየነው ሌላ ግድግዳ አለ። ወረቀት ነው።

ከደቡብ ከመጡት ልጆች አንዱ ኮብልስቶን ሥራ አገኘ። ጥሩ ሠራተኛ ነው። ደመወዝ በባንክ ነው የምንከፍለው አሉት። ባንክ ሄደ፣ መታወቂያ አምጣ አሉት። ቀበሌ ሄደ፣ ከመጣህበት ቀበሌ መሸኛ አምጣ፣ እዚህ ደግሞ የምትኖርበትን የቤት ቁጥር ንገረን አሉት። መሸኛ ለማምጣት መሳፈሪያ ይፈልጋል፤ መሳፈሪያው ያለው ባልተከፈለው ደመወዝ ውስጥ ነው። የቤት ቁጥር ደግሞ የለውም። ቤት ልከራይ ቢል አከራዩም መጀመሪያ የሚጠይቀው መታወቂያ ነው። ልጁ አዳራሽ ሲገባ ብርዱ ቀረለት እንጂ ከዚህ አዙሪት አልወጣም።

ልጇን ታቅፋ የመጣችው እናትም እንደዚሁ ናት። ሕፃን በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይባላል። የሚመዘገበው ወላጅ በሚኖርበት ቦታ ነው። እሷ የምትኖረው የት ነው? ጤና ጣቢያ ሕፃኑን በደንብ ከትበውታል፤ የክትባት ካርድ አለው። የልደት የምስክር ወረቀት ግን የለውም። እንግዲህ ይህ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው። እናቱ ያጣችውን ወረቀት እሱ ከአሁኑ አጥቷል ማለት ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው።

የጤና መድኅኑንም አስቡት። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ለድሃ ድሃ መዋጮው ይሸፈንለታል። ድሃ ድሃውን የሚለየው ቀበሌ ነው። ቀበሌ የሚያውቀው ደግሞ መዝገቡ ላይ ያለውን ነው። ከሁሉም የባሰው ድሃ መዝገቡ ላይ የለም። በ2009 ዓ.ም አዲስ አበባንና ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ጎዳና ላይ ላሉ ሰዎች የሚሆን ክፍል እንዳለው ሰምተን ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ከተሞች ተጨምረዋል። የእኛ ከተማ ተራዋ ቢደርስ እንኳ፣ ማን አለ ተብሎ ሲጠየቅ የሚቀርበው ዝርዝር ላይ እነዚህ ሰዎች አይኖሩም።

እድራችን ምን አደረገ? ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። አዳራሽ ውስጥ ለሚያድር እያንዳንዱ ሰው ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ሦስት አባላት ይፈርማሉ፣ ማኅተም ይደረግበታል። ይህን ደብዳቤ ይዘን መጀመሪያ የሄድነው ፋይዳ ምዝገባ ጋ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ ቁጥር 1284/2015 ነው። ማስረጃ የሌለው ሰው የፋይዳ ቁጥር ባለው ሰው ምስክርነት ሊመዘገብ ይችላል። ሰብሳቢያችን ምስክር ሆነው ቆሙ። ኮብልስቶን የሚሠራው ልጅ አሥሩን ጣቶቹን ሲያስነሳ ድንጋይ ስለበላቸው አሻራው ቶሎ አልይዝ አለ። መዝጋቢዋ ልጅ አልተሰላቸችም። እጁን በለብ ያለ ውሃ አስታጥባ፣ በፎጣ አድርቃ፣ ደግማ ደጋግማ ሞከረች። በመጨረሻ ያዘ። ልጁ ስልክ ላይ ቁጥሩ ሲመጣለት ጮክ ብሎ ነው ያነበበው። በዚያው ሳምንት ባንክ ደብተር አወጣ። ያልተከፈለው ደመወዙ ተጠራቅሞ ገባለት።

ልጁ አሁን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቷል። አከራይዋ የእድራችን አባል ናቸው፤ ስብሰባው ላይ ስለ ተባይ የጠየቁት እሳቸው ነበሩ።

የቀበሌው መታወቂያና የልደት ምዝገባው ግን እስካሁን አልተፈታም። ቀበሌ ያሉት ሰዎች ልባቸው ከእኛ ጋር ነው። የቤት ቁጥር የሚለውን ሣጥን ባዶ አድርገን አንሞላም ይላሉ። እኛ ደግሞ፣ አዳራሹ የቤት ቁጥር አለው፣ መብራትም ውሃም እየከፈለ ነው፣ በእሱ መዝግቧቸው እያልን ነው። አንድ ቁጥር ላይ ይህን ያህል ሰው አይመዘገብም ተባልን። በአንድ ግቢ ውስጥ ይህን ያህል ሰው የሚኖርበት የቀበሌ ቤት ግን በከተማችን ሞልቷል።

ስለ መቄዶንያም ላንሳ፤ ሁልጊዜ ይነሳልና። እኛ ስብሰባ ላይም፣ ለምን መቄዶንያ አንልካቸውም? ተብሏል። ቢኒያም በለጠ በወላጆቹ ቤት የጀመረው ሥራ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መጠጊያ ነው። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን የአገሪቱን ከተማ ሁሉ አንድ ድርጅት ላይ ማራገፍ ያው አይሱዙ ነው፤ የሚለየው ማራገፊያው ጥሩ መሆኑ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የእኛዎቹ አብዛኞቹ እንክብካቤ ማዕከል የሚያስገባ ነገር የለባቸውም። ወጣቶች ናቸው፣ ይሠራሉ። የቀረቻቸው አንዲት ወረቀትና ጥቂት ወራት የሚያድሩበት ጣሪያ ናት።

ይጎርፉብናል ለሚለውም መልስ አለኝ። መንገድ ዳር ያለ ከተማ ሰው ይመጣበታል። የእኔ ዳቦ የሚሸጠው፣ የሆቴሉ አልጋ የሚያዘው በዚሁ መንገድ በሚመጣ ሰው ነው። መንገዱ ገንዘብ ያለውን ብቻ አምጣልኝ አይባልም። አዳራሹ ከተከፈተ ወዲህ አዲስ ሰው መጥቷል፤ አልክድም። ከዚያ የሚበልጠው ሰው ግን ወደ ሥራ ወይም ወደ ቤተሰቡ ሄዷል። ስማቸው ስለተጻፈ ማን እንደመጣና ማን እንደሄደ አሁን እናውቃለን። አፈሳ በነበረ ጊዜ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ለሆቴል ቤቱ ባለቤት አንድ ነገር ልጠይቅ። ሆቴልዎ ደጃፍ ላይ ከሚያድሩት የአንዱን ስም፣ የተወለደበትን ቦታና የጠፋበትን ወረቀት ጠይቀው ይጻፉ። ከተማዎ ውስጥ እድር አይጠፋም፤ ሰብሳቢውን ያናግሩ። በረንዳዎ የሚጸዳው ሰውየው የሚገባበት ቦታ ሲያገኝ ነው። የሚመለስበት ቦታ ያለው ሰው እርስዎን ሳይጠብቅ ይመለሳል።

ለክልሉ የወሳኝ ኩነትና የነዋሪነት ምዝገባ ኃላፊዎች ደግሞ ጥያቄዬ ሁለት ነው። በሕግ የታወቀ እድር፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አድራሻዬን ይጠቀሙ ብሎ በጽሑፍ ከመሰከረ፣ ያ አድራሻ ለነዋሪነት መታወቂያ ይበቃል የሚል መመሪያ ለቀበሌዎች ይውረድ። ጎዳና ላይ ያለች እናት የወለደችውን ልጅ ደግሞ የወለደችበት ጤና ተቋም ባለበት ቀበሌ መመዝገብ እንድትችል ይፈቀድ። ሁለቱም በጀት አይጠይቁም። ፊርማ ነው የሚጠይቁት።

በዚህ ጉዳይ ቀበሌያችን ለበላይ ጽፎ መልስ እየጠበቀ ነው። እኛም የድጋፍ ፊርማ ከሌሎቹ እድሮች እያሰባሰብን ነው። ሐምሌ ሳይገባ መልሱ ቢመጣ ለሕፃኑ ይደርስለታል፤ በመስከረም የአጸደ ሕፃናት ምዝገባ አለ።

የምንጽፈው ደብዳቤ ምን እንደሚል መናኸሪያ ላይ የሚጠይቁኝ የሌላ ከተማ ሰዎች ስላሉ ቃሉን እዚህ አሰፍረዋለሁ። እንዳለ መገልበጥ ይቻላል፦

ስሙና ፎቶግራፉ ከዚህ በላይ የሚታየው ሰው በከተማችን እንደሚኖር እናውቃለን። የሚያድረው በእድራችን አዳራሽ ነው። ሲጠፋ የምንፈልገው፣ ሲታመም የምናሳክመው፣ ለሚጠየቀው ሁሉ የምንመሰክርለት እኛ ነን። ስለዚህ በአድራሻችን እንዲመዘገብልን እንጠይቃለን።

ከታች የሰብሳቢ፣ የጸሐፊና የገንዘብ ያዥ ስምና ፊርማ ይገባል። ማኅተሙ ፎቶግራፉን በግማሽ ይንካው፤ እንደዚያ ካልሆነ አይቀበሉም። አዳራሽ ለመክፈት ያሰበ እድር የጥበቃውን ውልና የገቢና ወጪ መዝገባችንን ማየት ከፈለገ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ይጻፍልኝ፤ ገልብጬ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዳቦ ቤት ባለቤትና የእድር ገንዘብ ያዥ
ሰሜን ሸዋ